ይታይሽን ለመጠየቅ፤ ከድሬዳዋ እስከ ማንኩሳ

ከተመለስኩ ወዲህ «ጎጃም እንዴት ነው?» ያላለኝ የከዚራ ሰፈር ሰው የለም። ባጃጅ ውስጥ ይጠይቁኛል፣ ሜዳ ላይ ይጠይቁኛል፣ ጎረቤቴ ፋጡማ ደግሞ በየማለዳው ትጠይቀኝና መልሴን ሳልጨርስ «እኔስ አልሄድም አቦ፣ ብርድ ነው» ብላ በሯን ትዘጋለች። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው መተረክ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት። ያነበበ ያንብብ፣ ለማንበብ የሰነፈ ከፋጡማ ይስማ፤ እሷም የምታውቀው ግማሹን ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ከከዚራ ሜዳ ተነስቼ አዲስ አበባ በክለብ ተጫወትኩ፣ ከዚያም ኬንያ ድረስ ሄጄ በደመወዝ ተጫወትኩ። ናይሮቢ ላይ አንድ ቀን ኳስ ስቀበል የቀኝ እጄ አውራ ጣት ተሰበረ፤ ሲድንም ጠሞ ዳነ። አሁን ድሬ ላይ የሴቶች ቡድን አሠለጥናለሁ። ጎበዝ አሠልጣኝ ነኝ፤ ይህን ሌላ ሰው እስኪናገርልኝ አልጠብቅም። ልጆቼ ይሮጣሉ፣ ይከላከላሉ፣ አይደክሙም። የጎደለን አንድ ነገር ነው፤ ከቅርጫቱ ሥር ቆማ ከላይ የሚመጣውን ኳስ የምትለቅም ረጅም ልጅ የለችንም።

መምህር ስንታየሁ ጎጃም፣ ቡሬ ላይ ስፖርት ያስተምራል። ከዓመታት በፊት አንድ የአሠልጣኞች ሥልጠና ላይ ተዋውቀናል። የገና ሰሞን በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከሰው ሁሉ በላይ እጇን ዘርግታ ኳሱን ትይዛለች፣ ወደ ደረቷ ሳታወርደው መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ ትከተዋለች። ሳታወርደው። ይህን ለልጆቼ ለማስተማር እኔ ዓመት ይፈጅብኛል። ስሟ ይታይሽ ነው፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች፣ ቤተሰቦቿ ከማንኩሳ ገባ ብሎ ገጠር ነው የሚኖሩት። ከቪዲዮው ሥር መምህሩ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጥር ሳያልቅ ነይ። ጥር እዚህ የሠርግ ወር ነው። አንድ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮባት አባቷ ለጊዜው መልሰዋቸዋል። ድጋሚ ከመጡ አታገኛትም፣ አንቺ።»

ለክለባችን ኃላፊ «አመጣታለሁ» አልኩት። እሱም ሳቀና የጉዞ ፈቃዴን ፈረመልኝ።

ማክሰኞ

ከድሬ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ አልተርከውም። ሻንጣዬ ውስጥ ጥቂት ልብስ፣ ሁለት ኳስና ለይታይሽ የገዛሁት ትልቅ የስፖርት ጫማ አለ። ፋጡማ ሦስት ሹራብ ጨምራበታለች። አዲስ አበባ እህቴ ቤት አደርኩ። የእህቴ አልጋ አጭር ነው፤ ይህ የአልጋ ጉዳይ ወደፊትም ይመጣል።

ረቡዕ

የፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው። ሹፌሩ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ለሁለት ሰዎች ደውሎ መንገዱን ጠየቀ፣ «ሰላም ነው» አሉት፣ እሱም ለኛ «ሰላም ነው» አለን፣ ተሳፋሪው አማተበ፣ ተነሳን። ለኔ ትልቁ ችግር ግን መንገዱ አልነበረም፤ ጉልበቴ ነበር። የፊተኛው ወንበር ጀርባ ጉልበቴ ላይ አረፈና ሱሉልታ ሳንደርስ እግሬ ደነዘዘ።

በሩ አጠገብ ሰፊው ቦታ ላይ የተቀመጡ እማሆይ ዞር ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «እግርዎ ተጨነቀ። ይምጡ፣ ኸዚህ ይቀመጡ» አሉኝ። እኔ ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ የሚያከብሯት አንዲት ትልቅ ሴት ከኋላዬ ያለች መስሎኝ ነው። ድሬ ላይ ከንቲባውንም፣ ሐኪሙንም፣ የሰፈሩን ሽማግሌም አንተ ነው የምንለው። እማሆይ የእናቴ እኩያ ናቸው፣ እኔን «እርስዎ» አሉኝ፣ ቦታቸውንም ሰጡኝ። «ኧረ አይሆንም እማሆይ» ብል «እኔ አጭር ነኝ፣ እግዜር ለዚህ ብሎ ነው ያሳጠረኝ» ብለው ተነሱ። ቀኑን ሙሉ እግሬን ዘርግቼ ሄድኩ።

ዓባይ በረሃ ስንገባ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ሲያልበው፣ ሲያራግብ፣ ውኃ ሲጠጣ እኔ ጃኬቴን አውልቄ ተዘረጋሁ። የድሬ አየር ነው፣ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ከዚያ ሽቅብ ወጣንና ደጀን ላይ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። አንድ ፍተሻ ላይ ሻንጣዬን ሲከፍቱ ኳሱ ወጣ። ወታደሩ አንዴ አስፋልቱ ላይ አነጠረው፣ ሁለተኛም አነጠረው፣ «ጥሩ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ምሳ ደብረ ማርቆስ ነበር። በራሴ ተማምኜ «ጥብስ» አልኩ። አስተናጋጇ ልጅ አየችኝ፣ ወደ ሻንጣዬ አየች፣ እንደገና አየችኝ። «እመቤቴ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማብኝ። ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ድሬ ላይ አንዱ ሲጾም አንዱ ይበላል፣ ምግብ ቤት ቀን አይቆጥርም። በያይነት አመጣችልኝ። እንጀራው ለስላሳ፣ ሽሮው ቀይ፣ ጎመኑ ትኩስ ነበር፤ ጥብሱን ረሳሁት። ልጅቷ ሳልጠይቃት ጨምራ አመጣችልኝ፣ «ረጅም ሰው ብዙ ይበላል» አለችኝ። ተስማማን።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ባጃጆቹን ሳይ ድሬ የገባሁ መሰለኝ፣ ማታ የነፈሰው ብርድ ግን ጎጃም መሆኔን ወዲያው አስታወሰኝ። የአልጋዬ ነገር እንደፈራሁት ሆነ፤ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ውጭ ቀረ። የሆቴሉ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በሩን አንኳኩተው ሳሙና ሊሰጡኝ ገብተው እግሬን አዩና ወጡ። አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ተመለሱ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስጠጉት፣ ጋቢ አጥፈው ደረቡበት። «አሁን ሙሉ ሆነ» አሉኝ። ከድሬ ከወጣሁ ወዲህ እግሬን ዘርግቼ የተኛሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ

መምህር ስንታየሁ ማንኩሳ ላይ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ቢቆጣም ድምፁ የማይወጣ ሰው ነው። ከዋናው መንገድ ወርደን በእግር ገባን። ግራና ቀኙ የታጨደ የጤፍ ማሳ ነው፣ በየግቢው ደግሞ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እኛ በርበሬ የምናውቀው ተፈጭቶ በላስቲክ ሲመጣ ነው። አንዲት ሴት በዘንግ ስታገላብጠው ነፋሱ ወደ እኔ መጣና ማስነጠስ ጀመርኩ። ማቆም አቃተኝ። ሴትየዋ በየማስነጠሴ «ይማርዎ» ትለኛለች፤ ርቀን ሄደን እንኳ «ይማርዎ» ስትል ይሰማኝ ነበር።

የይታይሽ ቤት ስንደርስ ውቂያ ላይ ነበሩ። በሬዎቹ አውድማው ላይ የጤፉን ነዶ እየዞሩ ይረግጣሉ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያግዛል፣ ከመሃላቸው አንዲት ልጅ በመንሽ ገለባውን ወደ ላይ ታነሳለች። ከአባቷ በጭንቅላት ትረዝማለች። መንሹን ስትዘረጋ ክንዷን አየሁና ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። ቀጥ ብዬ አውድማው መሃል ገባሁ፣ እጄን ዘርግቼ።

ሥራው ቆመ። በሬዎቹም ቆሙ። አባቷ አያ እንየው፣ ሽበት የጀመራቸው ደልዳላ ገበሬ፣ በለሆሳስ «እመቤቴ፣ ጫማዎን» አሉኝ። አውድማ በጫማ አይረገጥም ለካ፤ እህሉ የተከበረ ነው። መምህር ስንታየሁ መሬት መሬት ያያል። እኔ የራሴን አዳራሽ በቆሸሸ ጫማ የረገጠችን ልጅ ሜዳውን ሁለት ጊዜ የማስዞር ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ነገሩ በደንብ ገባኝ። ወጣሁ፣ አወለቅኩ፣ ተመለስኩ። ወለሉ በእበት ተለቅልቆ የደረቀ፣ ጠንካራና ሜዳ ነው። ከከዚራው አስፋልት ይሻላል፣ ምን አስዋሸኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉልኝ መስተንግዶ ለሚኒስትር አይደረግም። ዶሮ ታረደ። እናቷ እታለም የሻረግ እርጎ በትልቅ ዋንጫ አቀረቡልኝ፣ ስጨርስ ሞሉት፣ ስጨርስ ሞሉት። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ «ድሬዳዋ! ኧረ ያ አገር እሳት ነው አሉ። ወባም አለበት» ብለው ለኔ አዘኑልኝ። ይታይሽ ስታጎርሰኝ፣ ውኃ ስታስታጥበኝ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን ኳስ ግን በዓይኗ አገኘችው።

በልቼ ጠገብኩ፣ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። በኛ አገር ጉዳይ እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት።

«አያ እንየው፣ እኔ የመጣሁት ልጅህን ስጠኝ ልልህ ነው» አልኩ።

መምህር ስንታየሁ ሳለ። እታለም የሻረግ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ።

«የምን ልጅ? ልጅ የለኝም። ለራሴ ነው።»

ይታይሽ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። ተርጉሜ፣ አብራርቼ፣ ቡድኑን፣ መኝታውን፣ ደመወዙን፣ ትምህርቱን ሁሉ ነገርኳቸው። አያ እንየው እስከ መጨረሻው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ «መልካም። ይሁና። እግዜር ያለው ይሆናል» አሉ። ዘልዬ እጃቸውን ጨበጥኩ። እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ ሸኙን፣ ማርም ቋጥረው ሰጡን። ቡሬ እንደገባሁ ለክለቡ ኃላፊ ደውዬ «አለቀ» አልኩት።

ዓርብ

ቡሬ መምህር ስንታየሁ ቤት ነበርኩ። ባለቤቱ ጠዋት የተቆላ ባቄላ አቀረበችልኝ፣ እሱ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የያዘውን ነገር ባቄላ እየቆረጠመ አወጣው።

«አልሰጡሽም እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ልጅቷን። 'ይሁና' ያሉሽ እንግዳ ስለሆንሽ ነው። ቤታቸው ገብቶ የበላን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። አንቺ ደግሞ ራስሽ ጠየቅሽ፣ ያውም አንተ እያልሽ፣ ያውም በልተሽ ስትጨርሺ። እምቢ የሚሉበት መንገድ አሳጣሻቸው።»

ተናደድኩ። አልደብቅም፣ በጣም ተናደድኩ። ድሬ ላይ እምቢ የሚል ሰው እምቢ ይላል፣ ከፈለገም ጨምሮ ይሰድብሻል፣ ማታ ደግሞ አብራችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። «ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?» አልኩት። «እነሱ ፊት?» አለኝ፤ ይህን ማሰቤ ራሱ አስደነገጠው። ቀኑን ሙሉ ቡሬን በእግሬ ዞርኩት። እህል በረንዳ አጠገብ የጫኑ አህዮች መንገድ ዘግተውብኝ ቆምኩና ለኃላፊው መልሼ መደወል እንዳለብኝ አሰብኩ። አልደወልኩም። እስካሁን እንዳለቀ ነው የሚያውቀው።

ቅዳሜ

ይታይሽ ወደ ቡሬ ገበያ መጥታ ነበር። ገበያዋን ጨርሳ፣ ባዶ ቅርጫቷን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ድረስ መጣች። መምህር ስንታየሁ አልነበረም ያገናኘን፤ ራሷ ነች የመጣችው። የገዛሁላትን ጫማ አደረገች። ልኳ ነው።

ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ናት። ትናገራለች፣ ትስቃለች፣ ስታ ስትወረውር ራሷን ትቆጣለች። ኳስ የት እንደለመደች ስጠይቃት ውቂያ ሲያልቅ ባዶው አውድማ ላይ መሆኑን ነገረችኝ፤ አባቷ እበቱ እንዳይላጥ በባዶ እግሯ ይፈቅዱላታል። እጄን ዘርግቼ ልከላከላት ሞከርኩ፣ አልፋኝ ሄደች፣ ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም አልፋኝ ሄደች። ከናይሮቢ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አልተሸነፍኩም።

ደክሞን ስንቀመጥ «ቢቀር እንኳ ኳሱን ይተዉልኛል?» አለችኝ።

«ለምን ይቀራል? አንቺ አትፈልጊም?»

«እኔማ እፈልጋለሁ። ሌት ተቀን ነው የማስበው።» ጫማውን እየፈታች ነበር። «አባቴ ቃል ኸሰጠ አያጥፍም። ግን ቃሉን ለእርስዎ አይሰጥም፣ ለኔም አይሰጥም። ለሽማግሌ ነው የሚሰጥ። የነፍስ አባታችን አባ ሞላ ቢለምኑት ይሰማል።»

ወዲያውኑ አባ ሞላ ጋ ሄድን። የነይታይሽ ደብር ቄስ ናቸው፣ ቀልድ ይወዳሉ። ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ «እኔ ብዙ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ለኳስ ግን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ሁለት የአገር ሽማግሌ ይዘው ሊሄዱልኝ ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፦ «እርስዎ ኸአጥር ውጭ ይቆማሉ። ካልጠሩዎ አይገቡም፣ ካልጠየቁዎ አይናገሩም።»

እሁድ

አባ ሞላ ጥምጣማቸውን አሳምረው ከፊት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ መምህር ስንታየሁ ደግሞ ከነሱ ቀጥሎ ገቡ። እኔ አጥሩ ሥር ቀረሁ። ተጫዋችነቴን ትቼ አሠልጣኝ ስሆን ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ነበር፤ መስመሩን ሳያልፉ ዳር ቆሞ ማየት። ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር፣ አልለመድኩትም። ወዲያ ወዲህ ስል ውሻቸው እንኳ መጮህ ሰለቸውና ተኛ።

በአጥሩ ክፍተት ሁሉም ይታየኛል። ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ቆመዋል። አያ እንየው ወጥተው አጎነበሱ።

«ይቀመጡ አባ።»

«ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም፣ እንየው።»

«ምን አመጣችሁ?»

«ልጅህን ልንለምን መጣን።»

«ለማን?»

«ለዚያች ለረጅሟ ሴት» አሉ አባ ሞላ፣ በአጥሩ በኩል ወደ እኔ እያሳዩ። ጭንቅላቴ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ነበር።

ደጁ ላይ የተሰበሰበው ቤተ ዘመድ ሳቀ፣ አያ እንየው ግን አልሳቁም። ሐሙስ ዕለት ያልሰማሁትን ድምፃቸውን አሁን ሰማሁት። «አባ፣ እኔ በሬ እንኳ ለጎረቤት ሳውስ ቢሰበር የማን ነው ብዬ ተነጋግሬ ነው። ሽማግሌ ልኮባት የነበረው ቤት ቢወስዳት፣ ብትታመም ባል አላት፣ አማት አላት፣ እኔም ቅርብ ነኝ። ያ አገር ሩቅ ነው። ይህች ልጅ ስትሮጥ እግሯ ቢሰበር የማን ናት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባ ሞላም «ይህን እኛ አንመልስልህም። ትጠራ» አሉ።

ገባሁ። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። «እዚህስ ግድ የለም» አሉኝ፣ ግን አውልቄ ነበር፣ በባዶ እግሬ ቆምኩ።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሐኪም አለን፣ ኢንሹራንስ አለን፣ ውል አለን ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። እጄን ዘርግቼ የጠመመውን ጣቴን አሳየኋቸው።

«እኔ ሲሰበር የማንም አልነበርኩም» አልኩ። «ክለቡ በስልክ ነው ያሰናበተኝ። በታሸገ እጄ ሻንጣዬን ራሴ ጎትቼ ነው መኪና ላይ የወጣሁት። ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ የኔ ግን እንዲህ ነበር።» ውሸት መናገር ይቻል ነበር፣ ግን እኚያን ሰው አይቼ አልቻልኩም።

መምህር ስንታየሁ ዓይኑን ጨፈነ። ነገሩ ተበላሸ ብዬ አሰብኩ። እታለም የሻረግ ወደ እኔ ቀረቡና ጣቴን ያዙት። «ያኔ ማን ተቀበለዎ?»

«እናቴ። ድሬ ጣቢያ ድረስ መጥታ።»

ጣቴን ሳይለቁ ወደ አባ ሞላ ዞሩ። «እንግዲያ እዚያ እናት ያስፈልጋታል» አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

አባ ሞላ አስረዱኝ። ያልወለዱትን ልጅ የራስ ለማድረግ የቆየ ሥርዓት አለ፤ አውራ ጣት ማር ተቀብቶ ልጁ ይጠባል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ነው። ቢታመም ታስታምማለህ፣ ቢያጠፋ ትቆጣለህ፣ ወደ ወለዱት ቤት «ውሰዱልኝ» ብለህ አትልክም። «ይህን ያደርጉታል?» አሉኝ። እኔ ተጫዋች ሲደክም አስቀምጣለሁ፣ አልሆን ሲል አሰናብታለሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ሌሊትም እንቅልፍ አልነሳኝም። ይህችን ልጅ ግን ኳስ መያዝ ቢያቅታት እንኳ ማሰናበት አልችልም። ፈራሁ። ከዚያ ይታይሽን አየኋት፣ በሩን ተደግፋ ቆማለች፣ እጇ ባዶ ነው፣ ጣቶቿ ግን ኳስ እንደያዘች ተከፍተዋል።

«አደርገዋለሁ» አልኩ።

አባ ሞላ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ?»

«እሄዳለሁ» አለች፣ ሁሉም በሰማው ድምፅ።

እታለም የሻረግ በትንሽ ሸክላ ማር ይዘው ወጡ። የግራ እጄን ዘረጋሁ፣ ጣቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ። «ቀኙን» አሉኝ። የጠመመውን ሰጠሁ። ማሩን ራሳቸው ቀቡት፣ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ፣ ስብራቱ ያበጠበት ላይ። ይታይሽ ጎንበስ አለች፣ ከኔ ስለምትረዝም ብዙ መጎንበስ ነበረባት፣ ጣቴን አፏ ውስጥ አድርጋ ማሩን ጠባች። ያ ጣት ከተሰበረ ወዲህ ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ ያን ሰዓት ትኩስ ነበር። አለቀስኩ። የድሬ ሰው በአደባባይ አያለቅስም ትላላችሁ፣ እኔ ግን አልቅሻለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አያ እንየው ራሳቸው ናቸው አጎዛውን ያነጠፉላቸው። እታለም የሻረግ ትከሻዬን ነካ አደረጉና «በይ ግቢ፣ ብይ» አሉኝ። ጎጃም ከገባሁ ከመምህር ስንታየሁ በቀር አንቺ ያለኝ ሰው አልነበረም። ገባሁ፣ በላሁ።

ሰኞ

ማንኩሳ ድረስ ሁሉም ሸኙን። እታለም የሻረግ ለኔና ለልጃቸው እኩል በርበሬ ቋጥረው ሰጡን፤ በአንድ ከረጢት አላደረጉትም። ስንሳፈር አያ እንየው በመስኮቱ በኩል ቀረብ ብለው «ፀሐዩ እንዳይጎዳት ጥላ ይግዙላት» አሉኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ይታይሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ጂጋ እስክንደርስ አልገለጠችውም። እኔም አላስቸገርኳትም። ዓባይ በረሃ ስንገባ ሙቀቱ ሲመታት «እንዲህ ነው?» አለችኝ። «ይህ ገና ሰላምታው ነው» አልኳት፤ ሳቀች፣ ደስ አለኝ።

ጥላውን ገዛሁላት። ፋጡማ ልጅቷ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ሩዝ በፍየል እያበላቻት ነው፣ በርበሬው ደግሞ ፋጡማን ራሷን ገና ስትቀምሰው አስነጥሷታል። ይታይሽ ሰፈሩን ሁሉ «እርስዎ» ትላለች፤ የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ አሁን በጣም ወዶታል።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ዘላ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ስብራት አይደለም አሉን፣ ግን በእግሯ ለመርገጥ ወራት ይወስድባታል። የክለባችን ኃላፊ ቤቴ ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሒሳብ ነው የሚያስበው። በሩ ላይ እንደቆመ «በቃ፣ እስክትድን ወደ ቤቷ ብንልካትስ?» አለኝ።

ይታይሽ ሳሎን ሶፋው ላይ ነበረች፣ እግሯ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ ተደርጎበት።

«ቤቷ ናት» አልኩትና በረዶውን ከፍሪጅ ላወጣ ገባሁ።